እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት የአንድ ትልቅ ኢትዮጵያዊ የሕይወት ታሪክ ነው። ስማቸውን ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ሰምተነዋል፤ ሥራቸውን በደንብ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። የሳይንቲስት ታሪክ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከልብስ አጣቢ ሴቶች ነው!

ለምን እሳቸውን መረጥሽ ብትሉኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ረመዳን ሲገባ በየምንሠራበት ቤት ቴሌቪዥኑ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። በድራማው መሃል ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ የካንሰር ሆስፒታሎች የእርዳታ ማስታወቂያ። ከሁሉም የታወቀው 57357 የሚባለው የልጆች ካንሰር ሆስፒታል ነው። ስሙ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ሲሆን፣ አንድ ጊኔ ያዋጣ ድሃም ድርሻ አለው። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። እኔ ግን ማስታወቂያውን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ታማሚው ቴሌቪዥን ላይ የማይወጣ፣ ወንዝ ወርዶ የሚያጥብ፣ በባዶ እግሩ መስኖ የሚያጠጣ ድሃ የሆነ በሽታስ? ለእሱ ማን ይለምናል? የመድኃኒቱን ምርምር ማን ይከፍላል?

ዶክተር አክሊሉ ለማ ይህን ጥያቄ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ተሸክመው የዞሩ ሰው ናቸው።

በሽታው ምንድን ነው?

የበሽታው ስም ቢልሃርዝያ ነው። ስሙ የወጣው ከዚሁ ከምንኖርበት ከተማ ነው። ቴዎዶር ቢልሃርዝ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ቀስር ኤልዓይኒ ሆስፒታል ሲሠራ የሞተ ሰው አስከሬን ሲመረምር ትሉን ደም ሥር ውስጥ አገኘው፤ በሽታውም በስሙ ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1915 ደግሞ ሮበርት ሌፐር የሚባል ከእንግሊዝ የተላከ ተመራማሪ ትሉ ወደ ሰው የሚደርሰው በቀንድ አውጣ በኩል አልፎ መሆኑን አረጋገጠ። ይህን ያረጋገጠው ኤል ማርግ ነው። አዎ፣ ያው ሜትሮው የሚያልቅበት ኤል ማርግ!

ነገሩ የሚዞረው እንዲህ ነው። የታመመ ሰው ውኃ ዳር ሲሸና ወይም ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውኃው ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው በዓይን የማይታይ ነገር አንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ሰውነቱ ውስጥ ይገባና በብዙ ሺህ ይባዛል። ከዚያ ተመልሶ ወደ ውኃው ይወጣል። ልብስ የምታጥብ ሴት፣ የሚዋኝ ልጅ ወይም መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ እግሩን ሲነክር በቆዳው ዘልቆ ይገባል። አይቆርጥም፣ አያደማም። ትሉ ደም ሥር ውስጥ አድጎ ለዓመታት እንቁላል ይጥላል። ጉዳቱን የሚያደርሰው በዋናነት እንቁላሉ ነው፤ ግማሹ ከሰውነት ሳይወጣ ሥጋ ውስጥ ይቀራልና።

ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አንዱ አንጀትና ጉበት ይጎዳል፤ በአገራችን በብዛት ያለው ይኸኛው ነው። ሌላው የሽንት ፊኛን ይጎዳል፤ ምልክቱም ሽንት ላይ ደም መታየት ነው። በአገራችን በታችኛው አዋሽና በዋቢ ሸበሌ በኩል ይገኛል። ግብፅን ለብዙ ዘመን ያስለቀሳት ግን ይኸኛው ነው። እንቁላሉ ፊኛው ግድግዳ ላይ ተሰግስጎ ለዓመታት ሲያቆስለው፣ ቁስሉ በመጨረሻ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1911 ፈርጉሰን የሚባል ሐኪም እዚሁ ካይሮ አስከሬን እየመረመረ ቢልሃርዝያና የፊኛ ካንሰር የተያያዙ መሆናቸውን ጽፏል። ይህ የፊኛ ካንሰር ዓይነት በሌላው ዓለም ብርቅ ነው፤ አውሮፓ ያለ ሐኪም እምብዛም አያየውም። ግብፅ ውስጥ ግን የፊኛ ካንሰር ለአሥርት ዓመታት በወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ አንደኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የፊኛውን ቢልሃርዝያ በእርግጥ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መዝግቦታል።

ማዳሞቻችን የሚወዱት ዘፋኝ አብደል ሃሊም ሃፌዝም በልጅነቱ በሻርቂያ የመስኖ ቦይ ውስጥ በያዘው ቢልሃርዝያ ጉበቱ ተበላሽቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1977 የሞተው። እንግዲህ አስቡት፤ ያን ያህል ገንዘብና ዝና ያለው ሰው ያልዳነበትን በሽታ፣ የገጠሩ ድሃ ምን ሊያደርገው ይችላል?

የአድዋ ወንዝ

አክሊሉ ለማ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በዶክትሬት የተመረቁት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በዚያው ዓመት ወደ አድዋ ወረዱ። ሥራቸው ወንዞቹን እየተከተሉ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የት የት እንዳሉ ማጥናት ነበር። በአንድ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ዶክተሩ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ከሴቶቹ በላይ ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ፤ ከሴቶቹ በታች ግን ሞተው ይንሳፈፋሉ።

ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። እንዶድን የማያውቅ አለ? ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ አረፋው ይወጣል። ኦሞና ላርጎ ሳይመጡ የእናቶቻችን ነጠላና ኩታ የሚነጣው በእሱ ነበር። ሴቶቹ ለስንት መቶ ዓመት ሲሠሩበት የኖሩት ነገር ነው፤ አጠገቡ ቆሞ ምን እያደረገ ነው ብሎ የጠየቀ ተመራማሪ ግን አልነበረም።

ዶክተር አክሊሉ ጠየቁ። ከላይ በኩል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰበሰቡና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከሳፋዋ የእንዶድ አረፋ እንድታፈስባቸው ለመኗት። አፈሰሰች። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማተሩ፣ ደሙ፣ ሞቱ። ትልቁ ግኝት ይህ ነበር። ላቦራቶሪው ወንዝ ዳር ነው፣ ረዳቷ ልብስ አጣቢ ናት! የዚያች ሴት ስም ግን አልተጻፈም። እኔ ስለዚህ ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የምትለኝ እሷ ናት።

ትርጉሙ ገብቷችኋል አይደል? በሽታው ያለ ቀንድ አውጣ አይዞርም። የፊኛውም ሆነ የአንጀቱ ዓይነት በቀንድ አውጣ በኩል ማለፍ ግዴታው ነው። ስለዚህ ገበሬው ከአጥሩ ሥር በሚያበቅለው ተክል ቀንድ አውጣውን መግደል ከተቻለ፣ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው።

ማን ይክፈል?

ዶክተር አክሊሉ አዲስ አበባ ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ምርምሩን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለውን የምርምር ተቋም መሠረቱ። ከዚያ ከእ.ኤ.አ. 1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት ወንዞቹን በእንዶድ እያከሙ ውጤቱን ተከታተሉ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል ቢልሃርዝያ የነበረባቸው ከመቶ 50 ነበሩ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 7 ወረዱ። ከ50 ወደ 7! ያውም ከውጭ አንድ ኪሎ መድኃኒት ሳይገዛ።

እንዲህ ያለ ውጤት የተገኘበት ነገር ዓለም እሰይ ብሎ ገንዘብ የሚያፈስበት ይመስላችኋል። አልሆነም። በዚያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚመክረው ኒክሎሳማይድ የሚባለውን የፋብሪካ ኬሚካል ነበር። የሚሠራው የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ነው። ውድ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው። እንዶድ ደግሞ ማንም አይሸጠውም፤ ማንም ስለማያተርፍበትም ማንም ኩባንያ ለምርምሩ አይከፍልም።

የጤና ባለሥልጣናቱ መልስ እንዶድ ለሰው፣ ለከብትና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቀ ላቦራቶሪ ካልተመረመረ አንቀበልም የሚል ነበር። ጥያቄው ልክ ነው፤ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ችግሩ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ በአገራችን አለመኖሩና ውጭ አገር ለማስመርመር ብዙ ገንዘብ መጠየቁ ነው። ገንዘቡን ለማግኘት ምርመራው መኖር አለበት፤ ምርመራውን ለማግኘት ገንዘቡ መኖር አለበት። ያለ ኢቃማ ሥራ የለም፣ ያለ ሥራ ኢቃማ የለም የተባለ ሰው ይህን እንቆቅልሽ ያውቀዋል።

በሌላ በኩል አሜሪካ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ውስጥ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ቅመም ከእንዶድ ተለይቶ ወጣ፤ በዶክተሩ ስም ለማቶክሲን ተባለ። ስማቸው ሳይንስ ውስጥ ገባ፤ አድዋ ላይ ግን የሚቀጥለውን ዓመት እንዶድ የሚገዛ ገንዘብ አልተገኘም።

ስደተኛው ተመራማሪ

ከአብዮቱ በኋላ ዶክተር አክሊሉ እንደብዙ ምሁራን አገር ለቀው ወጡ። በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ በሳይንስና በልማት ጉዳይ ሠሩ፤ በኋላም ለዩኒሴፍ ጣሊያን አገር ፍሎረንስ በሚገኘው የሕፃናት ልማት ማዕከል ነበሩ። ደህና ሥራ፣ ደህና ደመወዝ። እንዶድን ረስተው በሰላም መኖር ይችሉ ነበር። አልረሱትም። በሄዱበት ስብሰባ ሁሉ፣ ባገኙት ለጋሽ ፊት ሁሉ ስለ አድዋ ቀንድ አውጣ ያወሩ ነበር። አዲስ አበባ የቀሩት የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእርሻውን በኩል ያዙት። ብዙ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ ዘርተው፣ አወዳድረው፣ ብዙ ፍሬ የሚሰጠውንና ኃይለኛውን ቁጥር 44 የሚባለውን ዓይነት መረጡ። አንዱ በስደት እየለመነ፣ ሌላው በአገር ቤት እየዘራ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሉሳካ፣ ዛምቢያ፣ ስለ እንዶድና መሰል ተክሎች ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የካናዳ መንግሥት የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ያን ለዓመታት የተጠየቀውን የጉዳት ምርመራ ወጪ ቻለው። ጥናቱም እንዶድን ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት ለመጠቀም ከባድ የሚባል ስጋት እንደሌለ አመለከተ። ልብ በሉ፤ ወንዙ ዳር ከታየው ነገር እስከዚህ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል። አድዋ ላይ በአንደኛው ዓመት ተወልዶ የነበረ ሕፃን ጎልማሳ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ በስዊድን የሚሰጠውን፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በዚያ አጋጣሚ ያነሱት ቅሬታ ነበር፤ አፍሪካ ውስጥ በአፍሪካውያን የተሠራ ምርምር ውጭ አገር ካልተደገመ በቀር የሚያምነው የለም የሚል። ለራሳቸው ክብር ብቻ ያነሱት አይመስለኝም። አለመታመኑ ዓመት ይበላል፤ ዓመቱ ደግሞ የሰው ዕድሜ ነው።

በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊሰጣቸው ጠራቸው። በዚያ አካባቢ ትልልቅ ሐይቆች ላይ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን የዛጎል ዓይነት አስቸግሮ ነበርና፣ እንዶድ እሱንም እንደሚገድል እዚያው ተፈተነ። የፈጠራ መብቱንም ዩኒቨርሲቲው አስመዘገበ። ለቢልሃርዝያ ሃያ ዓመት የተለመነለት ተክል፣ የሀብታም አገር ቧንቧ ሲነካ በጥቂት ጊዜ ባለቤት አገኘ። ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ምን ቀረ?

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1997 አረፉ። የመሠረቱት ተቋም በስማቸው አክሊሉ ለማ ተብሎ ተሰየመ።

እውነቱን ለመናገር እንዶድ እሳቸው እንደተመኙት በየወንዙ አልደረሰም። ፕራዚኳንቴል የሚባል የሚዋጥ ክኒን መጣ፤ ዓለም ወደ እሱ ዞረ። ክኒኑ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ግብፅ ውስጥ ከዚያ በፊት፣ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ሕዝቡ በመርፌ ነበር የሚታከመው። መርፌው በደንብ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው ስለዞረ፣ ቢልሃርዝያን እያዳኑ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለውን የጉበት በሽታ በብዙ ሰው ላይ አዛመቱ። ክኒኑ ከመጣ ወዲህ ግን በግብፅ ቢልሃርዝያ በጣም ቀንሷል፤ ያ ብርቅ የፊኛ ካንሰርም አብሮት ቀንሷል። መነሻውን ስትይዘው ካንሰሩም ይያዛል ማለት ነው።

ክኒኑ ግን አንድ ነገር አይችልም። የዳነው ልጅ ነገ እዚያው ወንዝ ከገባ እንደገና ይያዛል፤ ቀንድ አውጣው አለና። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ከክኒኑ ጋር ቀንድ አውጣን መቆጣጠርም እንደሚያስፈልግ መክሯል። ዶክተር አክሊሉ በ1964 ቆመው ያዩት ይህንኑ ነበር።

ለእኛስ?

እህቶቼ፣ አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ኒው ካይሮ በቧንቧ ውኃ ስለምንኖር ቢልሃርዝያ እዚህ አይዘንም ይሆናል። ግን ስንቶቻችን ነን ያደግነው ጣና ዳር፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ዝዋይ? ወንዝ ወርደን ያላጠብን፣ ያልዋኘን ማን አለ? ትሉ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሽንት ላይ ወይም ሰገራ ላይ ደም ያየች፣ ሆዷ የሚነፋባት፣ የማይለቅ ድካም ያለባት እህት ያደገችበትን ወንዝ ለሐኪሙ ትንገረው፤ ካልነገርነው አይጠይቅም። የፊኛው ዓይነት የሴቶችን ብልትና ማሕፀን አካባቢም ያቆስላል፤ ይህም በአባላዘር በሽታ እየተሳሳተ ብዙ ሴት ያለ ጥፋቷ አፍራ ትደብቀዋለች። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ውኃ ውስጥ መቆም ኃጢአት አይደለም።

ከመሃላችን አንዲት እህት ሽንቷ ላይ ደም እያየች ለወራት ዝም ብላ ሠርታለች። የምትፈራው በሽታውን አልነበረም፤ የቤቱ ሰዎች ሰምተው እንዳያባርሯትና የሆስፒታሉ ሒሳብ ነበር። በኋላ ጓደኞቿ መዋጮ አውጥተው ወሰዷት። የእሷ ቀላል ኢንፌክሽን ሆኖ በመድኃኒት ዳነች፤ ተመስገን። ግን ባይሆንስ? ሽንት ላይ ደም ብዙ ምክንያት አለው፤ ጠጠርም፣ ኢንፌክሽንም፣ ቢልሃርዝያም፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ምርመራ ብቻ ነው፤ የሽንት ምርመራ ደግሞ ከምርመራ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው። ለሞተ ሰው አስከሬን መላኪያ ስናዋጣ ኖረናል፤ በሕይወት ላለችው የምርመራ ማዋጣትን ልማድ እናድርገው።

ሌላም አለ። እኛ መዋጮ ስንል የሚታየን መድኃኒትና አልጋ ነው። የዶክተር አክሊሉ ሕይወት የሚያስተምረን ግን ምርምርም መዋጮ እንደሚፈልግ ነው። በመድኃኒቱ ፊት የሚሄደው ጥያቄው ነው፤ ጥያቄውን የሚጠይቀውም ሰው እንጀራ መብላት አለበት፣ ማይክሮስኮፕ መግዛት አለበት። የድሃ በሽታ የሚረሳው ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ ስለ እሱ አሥሬ የሚናገር ስለሌለው ነው። እሳቸው አሥሬ ሳይሆን ሃያ አምስት ዓመት ተናገሩለት።

እና ደግሞ የማጠቢያ ሥራ የናቃችሁ ሰው ካለ ይህን ታሪክ ንገሩት። ከአፍሪካ ታላላቅ ግኝቶች አንዱ የተገኘው ከልብስ አጣቢ ሳፋ ውስጥ ነው። የሚያስተውል ሰው አጠገቧ ስለቆመ ብቻ!

ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ አትጣሉት፤ ፎቶ ኮፒው ለሌላዋ ይድረስ። በሚቀጥለው እትም በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ጤና ይስጠን፣ ቸር ይግጠመን።

እህታችሁ፣ ከኒው ካይሮ